ስለ ፍላጻ ጫፍ የጻፋችሁት ይታረም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

አሰላሙ ዓለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ። እንዴት ከረማችሁ? እዚህ ደሴ ክረምቱ ከብዷል። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ነው የሚውለው፤ ሥራውም ቀዝቀዝ ስላለ ጋዜጣ የማነብበት ጊዜ አግኝቻለሁ። ባለፈው እትማችሁ፣ በውጭ ሀገር ስላሉ ወገኖች በምትጽፉበት ገጽ ላይ፣ ስለ ቀስት አደን የወጣውን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አሜሪካ ያሉ ልጆቻችን አደን እየለመዱ ነው፣ ሥጋውንም ከጎረቤት ጋር ይካፈላሉ ማለታችሁ ደስ ብሎኛል። እውነትም ነው። የጫፉ ነገር ላይ ግን ተሳስታችኋል። «ከሁሉ ሰፊ የሆነውን ተከፋች ጫፍ ግዙ፣ መሳል አያስፈልገውም፣ ከፓኬቱ አውጥቶ መተኮስ ነው» ብላችኋል። ይህችን ምክር እኔም አንድ ጊዜ ሰምቼ፣ አምኜ፣ አንድ እንስሳ አሰቃይቼባታለሁ። ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ማንነቴን ባጭሩ ልናገር። ኮሎራዶ፣ ከዴንቨር ጎን ባለችው በኦሮራ ከተማ 14 ዓመት ኖሬያለሁ። ሐበሻ የሞላባት ከተማ ናት። ከዚያ ውስጥ ዘጠኝ መስከረም በቀስት አድኛለሁ። አሁን ሀገሬ ገብቼ እዚሁ ደሴ ትንሽ የብረት ሥራ ቤት አለኝ፤ በርና መስኮት እንሠራለን። አያቴ በኩታበር በኩል ባለእጅ ነበሩ። አባባ ነበር የምንላቸው። ማጭድ፣ ማረሻ፣ ቢላዋ፣ ሲያዟቸው ደግሞ ጦር ይሠሩ ነበር። ወናፉን እየነፋሁላቸው ነው ያደግኩት። ስለት ምን ማለት እንደሆነ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ለማያውቅ አንባቢ መጀመሪያ ዕቃውን ላስተዋውቅ። ቀስት የምለው የሚለጠጠውን ነው። የሚወነጨፈው ፍላጻ ነው። በፍላጻው አፍንጫ ላይ እንደ ብሎን እየዞረ የሚጠብቅ ብረት አለ። ለልምምድ የሚታሰረው ሹል ብቻ ነው፣ ስለት የለውም። ለአደን የሚታሰረው ግን ምላጭ የመሰሉ ስለቶች አሉት፤ እዚያ ያሉ ልጆች «ብሮድሄድ» ይሉታል፣ እኔ ባለስለት ጫፍ ልበለው። ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ስለቱ እንደ ጦር የተተከለ ነው፣ አይነቃነቅም፤ ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት ስለት ሊኖረው ይችላል። ሁለተኛው ስለቶቹን አጣጥፎ ይበርና እንስሳውን ሲነካ እንደ ጃንጥላ ይከፈታል። ክብደቱ የሚለካው በግሬን ነው። ገበያ ላይ የሚበዙት 100 እና 125 ግሬን የሚመዝኑት ናቸው፤ 100ው ወደ 6.5 ግራም፣ 125ቱ ወደ 8 ግራም ይሆናል። ትንሽ ነገር ናት፣ መዳፍ ላይ ብታስቀምጧት አትከብድም። የእንስሳው ስቃይም ሆነ እረፍት ግን በእሷ ላይ ነው ያለው።

ምክንያቱም ፍላጻ እንደ ጥይት አይደለም። ጥይት በፍጥነቱ ይሰብራል፣ ያናውጣል። ፍላጻ የሚገድለው በመቁረጥ ብቻ ነው። ከፊት እግሩ ኋላ ገብቶ ሁለቱን ሳንባ ወይም ልቡን ከቆረጠ ደሙ ይፈስና እንስሳው ብዙ ሳይርቅ ይወድቃል። ካልቆረጠ ግን የገባው ዘንግ ብቻ ነው። ይህንን ለወሎ ሰው ማስረዳት አይከብድም። ዒድ ላይ በግ ያረደ ሁሉ ያውቀዋል። ቢላዋው ምላጭ ከሆነ በጉ ሳያውቀው ያልፋል። የደነዘ ከሆነ ግን በጉም ይሰቃያል፣ አራጁም ያፍራል፣ ቆሞ የሚያይ ሽማግሌም ይቆጣል። ቢላዋህን ሳል፣ የምታርደውን አሳርፈው የሚለውን ትዕዛዝ ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል።

ለእኛ ለሙስሊሞች ደግሞ ነገሩ ከዚያም ያልፋል። ዐዲይ ኢብኑ ሓቲም የሚባሉት ሰሓባ፣ የነቢዩ ባልደረባ፣ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ስለ አደን ጠይቀው የተመለሰላቸው የታወቀ ሐዲስ ነው። የአላህን ስም ጠርተህ ወርውረህ በስለቱ የወጋውን ብላ። በጎኑ መትቶ የገደለውን ግን አትብላ፤ ተደብድቦ እንደሞተ ነው። እንግዲህ አስቡት። ሥጋው ሐላል የሚሆነው ብረቱ ስለቆረጠ ነው። ስለቱ ሳይከፈት የቀረ፣ ወይም ደንዝዞ የገፋ ጫፍ ለኛ የሃይማኖት ጉዳይም ነው። ኦሮራ ያሉ ልጆች ይህንን ሲሰሙ ብዙዎቹ ይደነግጣሉ። ሱቅ ውስጥ ማንም አይነግራቸውማ። ጋዜጣችሁ ግን ሊነግራቸው ይችል ነበር።

አብሮኝ ያድን የነበረው ልጅ የመካነ ሰላም ልጅ ነው፣ ክርስቲያን ነው። እሱም የራሱ ሥርዓት አለው፤ ዋላና ሚዳቋ ይበላሉ ተብሎ ኦሪት ላይ ተጽፏል ይለኛል። የገደለውን እሱ በስመ አብ ብሎ ያዘጋጃል፣ የኔን እኔ። ሥጋችን ለየብቻ ነው፣ እንደ ሀገራችን። ከተራራ ላይ ስናወርደው ግን አንዳችን የሌላውን ተሸክመን ነው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ሁለተኛው ዓመቴ ነበር። አንድ የአደን ዕቃ መሸጫ ገባሁ። ሻጩ ወጣት ነው፣ ትሁት ነው። ከመስታወቱ ውስጥ አንድ ተከፋች ጫፍ አወጣና ስለቶቹን በጣቱ ገፋ አደረጋቸው። ቀጭ ብለው ተከፈቱ። ሁለት ኢንች ስፋት፣ አምስት ሴንቲ ሜትር መሆኑ ነው። «በዚህ የትም ብትመታው ይወድቃል» አለኝ። ይህች «የትም ብትመታው» የምትል ቃል እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣችም። ቀስቴን ለመለጠጥ ስንት ፓውንድ ጉልበት እንደሚያስፈልግ አልጠየቀኝም። የማድነው ምን እንደሆነም አልጠየቀኝም። እኔም አልነገርኩትም። ከፍዬ ወጣሁ።

መስከረም አጋማሽ ላይ፣ ገና ሲነጋ፣ ቅጠሉ ቢጫ የሆነ የአስፐን ጫካ ጥግ ላይ ተቀምጬ አንዲት ሴት ኤልክ መጣች። ኤልክ በሬ የምታህል ዋላ ናት፤ ሴቷ ከ200 ኪሎ በላይ ትመዝናለች። ሠላሳ እርምጃ ያህል ርቃ ቆመች። ቢስሚላህ ብዬ ለቀቅኩ። እጄ ተንቀጥቅጦ ኖሮ ፍላጻው ካሰብኩት ቦታ አንድ ስንዝር ወደፊት ሄደና የትከሻዋ አጥንት ላይ አረፈ። የሰማሁት ድምፅ ጥድ በመዶሻ ሲመታ የሚሰማው ዓይነት ነው። ዘላ ሄደች።

ጓደኛዬ መጣና ደሙን ተከተልን። መጀመሪያ ቅጠል ላይ እንደ ሳንቲም ነበር። ከዚያ እንደ ምስር ሆነ። ከዚያ እንደ ጤፍ ፍሬ። ሁለት መቶ ሜትር ያህል ከሄድን በኋላ ጭራሽ ጠፋ። ያንን ቀን ሙሉ፣ በማግስቱም እስኪመሽ ፈለግናት። አላገኘናትም። ያገኘሁት ፍላጻውን ነው፤ ዛፍ ታክካ ሰብራው ሄዳለች። ደሙ የነካው አራት ጣት ያህል ብቻ ነው። አንዱ ስለት አልተከፈተም፣ እንደታጠፈ ነው። ሌላው እንደ ሰርዲን ቆርቆሮ ክዳን ተጠቅልሏል። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እሱን ሳገላብጥ ጓደኛዬ «አብሽር» አለኝ። ሌላ ምንም አላለም። እኔ ግን አባባ ያንን ብረት ቢያዩት ምን ይሉኝ ነበር እያልኩ ነበር የማስበው።

ዋናው ጥፋት የኔ ነው፣ ቦታውን ስቻለሁ። ግን ሰው ይስታል። ጥሩ ጫፍ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው፤ ሁሉ ነገር ልክ ሲሆንማ የትኛውም ጫፍ ይሠራል። ጠባብና ጠንካራ ጫፍ ቢሆን ኖሮ አጥንቱን በስቶ ሳንባዋ ጋ የመድረስ ዕድል ነበረው። ያ ሰፊው ጫፍ ግን የቀስቴን ጉልበት ገና ቆዳው ላይ ጨረሰው። ቀስቴ 60 ፓውንድ ነበር፣ ወደ 27 ኪሎ። ያ ጉልበት አንድ ነው፣ አይጨምርም። ተከፋቹ ጫፍ መጀመሪያ ስለቱን ለመክፈት ከሱ ይቆርሳል። ከዚያ አምስት ሴንቲ ሜትር ለመሰንጠቅ ይቆርሳል። አጥንት ጋ ሲደርስ የተረፈው ትንሽ ነው። ወስፌ ይዛችሁ ቆዳ ብትበሱ በአንድ እጅ ይገባል፤ በአካፋ ጫፍ ሞክሩት እስቲ፣ ሁለት ሰው ቢገፋውም አይገባም። እናቶቻችን መሶብ ሲሰፉ ወስፌውን የሚያሾሉት ለምን ሆነና?

በዚያ ክረምት ማንበብ ጀመርኩ። ዶክተር ኤድ አሽቢ የሚባሉ አሜሪካዊ አሉ፤ በ1980ዎቹ (እንደ ፈረንጆች) ደቡብ አፍሪካ፣ ናታል ውስጥ ብዙ ዓይነት ጫፍ በእውነተኛ እንስሳት ላይ እየሞከሩ የትኛው ምን ያህል እንደሚገባ መዝግበዋል። ፍላጻ ጠልቆ እንዲገባ የሚረዱትን ነገሮች በተራ ሲያስቀምጡ አንደኛ ያደረጉት ስፋትን አይደለም፤ ዘንጉም ሆነ ጫፉ ሳይሰበርና ሳይታጠፍ መቆየቱን ነው። ለከባድ አጥንት ደግሞ ጫፉን ጨምሮ የፍላጻው ጠቅላላ ክብደት 650 ግሬን አካባቢ ቢሆን ይላሉ። የኔው 410 ግሬን ነበር፤ ፈጣን ነው ብለው የሸጡልኝ። እኔ 650 አልደረስኩም፣ ሆኖም 520 አደረስኩት። ጫፉን ደግሞ 125 ግሬን፣ ቋሚ፣ ባለሁለት ስለት፣ ስፋቱ ከአንድ ኢንች እምብዛም የማይበልጥ አደረግኩ። ከዚያ በኋላ የገደልኳቸው ኤልኮች ውስጥ ከመቶ ሃምሳ እርምጃ በላይ የሄደ የለም። አልሐምዱሊላህ።

ተከፋቹን ሙሉ በሙሉ አልኮንንም። ሰባ ፓውንድና ከዚያ በላይ የሚጎትት ጉልበተኛ ሰው፣ ከኤልክ የሚያንሱትን አጋዘኖች የሚያድን፣ ጎድን ላይ ብቻ ለመልቀቅ የሚታገሥ ከሆነ ጥሩ ይሠራለታል። ደሙም በርከት ብሎ ስለሚፈስ ዱካው ቀላል ነው። ሲበርም እንደ ልምምዱ ጫፍ ነው የሚበረው፣ ነፋስ አይጠልፈውም። ይህንን ዓይኔ አይቷል። እናንተ ግን የጻፋችሁት ለጀማሪ ነው። ጀማሪ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቀላል ቀስት ነው የሚይዘው። 40 እና 45 ፓውንድ የሚጎትቱ እህቶቻችንም አሉ፣ አሥራ ስድስት ዓመት ያልሞላቸው ልጆችም አሉ። ለነሱ ሁለት ኢንች ተከፋች ጫፍ ግዙ ማለት በደል ነው። ለነሱ ጠባብ፣ ቋሚ፣ ገና ሲነካ ከጫፉ ጀምሮ የሚቆርጥ ባለሁለት ስለት ነው የሚያስፈልገው። አፍንጫው ሹል ሾጣጣ ብረት ሆኖ ስለቱ ከኋላ የሚጀምር ዓይነትም አለ፤ እሱ መጀመሪያ ይበሳል፣ ቀጥሎ ይቆርጣል። ለደካማ ቀስት ከመጀመሪያው የሚቆርጠው ይሻላል።

የባቲን ሰኞ ገበያ የሚያውቅ ሰው ጊሌ የሚባለውን የአፋሮቹን ቢላዋ አይቷል። በሁለት ወገን የተሳለ፣ ጎበጥ ያለ፣ ወገቡ ወፈር ብሎ ጫፉ የሚሾል ነው። ያንን ቅርጽ ያወጣው ሰው ስፋትና ጥንካሬ እንዴት እንደሚታረቁ አውቋል። ጥሩ ባለሁለት ስለት ጫፍ ስገዛ እኔ የማየው ያንን ነው። መሐሉ ላይ ጀርባ አለው ወይ? ስለቱና አንገቱ አንድ ብረት ነው ወይስ በትንሽ ብሎን የተጣበቀ? ብሎኗ ከላላች ሁሉም ነገር አበቃ። ከአንድ ብረት የተሠራው ዋጋው ይወደዳል፣ ግን እየተሳለ ዓመታት ያገለግላል፤ የሚተካ ስለት ያለው ርካሽ ነው፣ ከአንድ ምት በኋላ ስለቱ ይጣላል። አንዳንዱ ደግሞ እንደ መሮ ባንድ ወገን ብቻ ይሳላል፤ እሱ ሲገባ ፍላጻውን እያዞረ ይገባል፣ አጥንትንም ይሰነጥቃል። እሱን የሚገዛ ሰው የጭራው ላባ ወደየት እንደሚዞር ያረጋግጥ። ስለቱና ላባው ወደ አንድ አቅጣጫ ካላዞሩ እርስ በርስ ይጣላሉ።

አሁን በጣም ያናደደኝ ቃል ጋ ደረስኩ። «መሳል አያስፈልገውም።»

ኧረ ያስፈልገዋል! ከፓኬት የወጣ ጫፍ አንዳንዱ ምላጭ ነው፣ አንዳንዱ ግን የቅቤ ቢላዋ ነው። ሦስት ገዝቼ አንዱ ብቻ ፀጉር የላጨበት ጊዜ አለ። ስለቱ ከደነዘዘ የደም ሥሩን ወደ ጎን ይገፋዋል እንጂ አይቆርጠውም። ሸርተት ብሎ ያልፋል። የተቦጫጨቀ ቁስል ቶሎ ይረጋል፣ ጥርት ብሎ የተቆረጠ ግን ይፈሳል። ጢማቸውን በምላጭ የሚላጩ ሁሉ ያውቁታል፤ ምላጩ ሲነካቸው አያማቸውም፣ ደሙ ግን አልቆም ይላል።

አባባ ማጭድ ሲስሉ አጠገባቸው ቁጢጥ ብዬ አይ ነበር። ድንጋዩን ውኃ ያጠጡታል። ብረቱን አጋድመው፣ ጀርባውን ትንሽ ቀና አድርገው፣ ያንን ቀና ያሉበትን ልክ ሳይለውጡ ይስባሉ። ሁልጊዜ ያው ልክ። እጃቸው ከክርናቸው በታች አይነቃነቅም፣ ወገባቸው ነው የሚሄድና የሚመጣው። ከዚያ በሌላኛው ወገን አውራ ጣታቸውን ወደ ውጭ ሸርተት ያደርጋሉ፣ በስለቱ ላይ ሳይሆን ከስለቱ አሻግረው። ቀጭን የብረት ፀጉር ተነስታ እንደሆነ በጣታቸው ያውቋታል። ከተነሳች ይገለብጡትና በሌላው ወገን ይቀጥላሉ። መጨረሻ ላይ ቆዳ ላይ፣ በቀስታ። ከዚያ አንድ ዘንግ የጤፍ ጭድ አንስተው ባንድ ጫፉ በሁለት ጣት ያንጠለጥሉታል። ማጭዱን ሲያስነኩት ጭዱ ሳይጎነበስ ከተቆረጠ ለባለቤቱ ይሰጣል። ከጎነበሰ ወደ ድንጋዩ ይመለሳል። ገበሬው ቆሞ ቢቸኩልም አይሰጡትም ነበር። «በዚህ አጭደህ ወገብህን ስትታመም እኔን ነው የምትረግመኝ» ይሉታል።

ኮሎራዶ ያሉ አዳኞች ይህንኑ በላስቲክ ያደርጉታል። ቀጭን የላስቲክ ቀለበት በሁለት ሚስማር መሐል ላላ አድርገው ይወጥሩና ስለቱን ያስነኩታል። ሳይገፋ ቢቆርጠው ደርሷል። ሌላው የእጅን ፀጉር መላጨት ነው። ለልጆቻችን የምመክረው የገዙትን ጫፍ ሁሉ በሁሉም ስለታቸው እንዲሞክሩ ነው፤ አንዱ ሠራ ብሎ ሌላውን ማመን የለም። ከተሳለ በኋላ ቫዝሊን ቀባ አድርጉት፤ የተሳለ ብረት ጤዛ ከነካው በአንድ ሌሊት ይዝጋል፣ የዛገ ስለት ደግሞ ስለት አይደለም። ፍላጻው ላይ ስታስሩትም በባዶ እጅ አትጠምዝዙት። ለዚህ የተሠራች ትንሽ ፕላስቲክ መፍቻ አለች። አንድ የማውቀው ልጅ በጣቱ አጠብቃለሁ ብሎ ስድስት ስፌት ተሰፍቷል። ስትሸከሙትም በሽፋን ይሁን። ተራራ ላይ አዳልጦት የገዛ ፍላጻው ላይ የሚወድቅ ሰው አለ።

ሌላም አለ። ቋሚ ጫፍ የሚይዝ ሰው ቀስቱን ማስተካከል ግዴታው ነው። ሰፋ ያለ ቋሚ ስለት ፊት ለፊት ላይ እንደ ክንፍ ነው። ፍላጻው ከቀስቱ ትንሽ ተጣሞ ከወጣ ነፋሱ ያንን ክንፍ ይይዝና ወደ ጎን ይወስደዋል። ብዙ ጀማሪ ይህን ሲያይ ጫፉን ይረግምና ወደ ተከፋቹ ይሄዳል። የተጣመመው ግን ቀስቱ ነው። መፈተኛው ቀላል ነው። በልምምድ ጫፍ ሁለት ሦስት ልቀቅ፣ በባለስለቱም ሁለት ሦስት ልቀቅ፣ በሃያ፣ በሠላሳ፣ በአርባ እርምጃ። አንድ ቦታ ካረፉ ተስተካክሏል። ካልሆነ ቀስቱን የሚያስተካክል ባለሙያ ጋ መውሰድ ነው። እንዲያውም ከገዛችኋቸው ጫፎች አንዱን ለልምምድ ብቻ መድቡት፤ ስለቱ ይሞታል፣ ግን እንዴት እንደሚበር ታውቃላችሁ። ፍላጻውን በጭራው በኩል መዳፍ ላይ አቁሞ፣ ስለቱን ወደ ላይ አድርጎ ማሾርም ጥሩ ነው፤ ጫፉ ቢወዛወዝ አልተስተካከለም ማለት ነው፣ አውልቃችሁ ሌላ ዘንግ ላይ ሞክሩት።

ሕጉንም አልጻፋችሁትም። ኮሎራዶ ውስጥ ለትልቅ እንስሳ የሚያገለግል ጫፍ ስፋቱ ቢያንስ ከኢንች ስምንት ሰባት እጅ፣ ማለትም 2.2 ሴንቲ ሜትር ገደማ መሆን አለበት፣ ቢያንስ ሁለት የብረት ስለትም ሊኖረው ይገባል። ቀስቱ ከ35 ፓውንድ ማነስ የለበትም። ከጃንዋሪ 1 ቀን 1949 ወዲህ የተወለደ ሰው ደግሞ የአዳኝነት ትምህርት ወስዶ ካርድ ሳይዝ በመደበኛው መንገድ ፈቃድ አይሸጥለትም። ሌላው ግዛት የራሱ ሕግ አለው፣ ከመግዛት በፊት የሚኖሩበትን ግዛት መመሪያ ማንበብ ነው። በየዓመቱ ይታተማል፣ በነፃ ነው።

ከለቀቃችሁ በኋላ ደግሞ ቁጭ በሉ። እኛ ሐበሾች እዚህ ላይ እንቸኩላለን። ጥሩ ምት ነው ብላችሁ ብታስቡ እንኳ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ከዚያ ፍላጻውን ፈልጉ፣ ጫፉ ላይ ያለውን ደም እዩ። ቀላ ብሎ አረፋ ካለው ሳንባ ነው። ጠቆር ካለ ጉበት ሊሆን ይችላል፣ አራት ሰዓት ያህል ጠብቁ። አረንጓዴ ነገርና ሽታ ካለው አንጀት ነው፤ እስከ ስምንት ሰዓትና ከዚያም በላይ መታገሥ ያስፈልጋል፤ ቶሎ ከተከተላችሁት ተነስቶ ይሄድና አታገኙትም።

አንድ ነገር ደግሞ ለዚህ ለኛ አካባቢ ልጆች። ጽሑፋችሁ ከወጣ በኋላ ሁለት ጎረምሶች ሱቄ ድረስ መጥተው «ጋሼ፣ አንድ ሁለት ጫፍ ይቀጥቅጡልን፣ ጃርትና ሚዳቋ እህላችንን ጨረሱብን» አሉኝ። አልሠራሁላቸውም። በኛ ሀገር ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን በሕግ የተከለከለ ነው፣ ያስቀጣል። ፈቃድ የሚሰጠውም በተከለሉ የአደን ቀጣናዎች ነው እንጂ እዚህ ጦሳ ሥር አይደለም። ደግሞስ ምን ቀረን? ቦረና ሳይንት ፓርክ ውስጥ ያለውን ቀይ ቀበሮ አስቡት። በዓለም ላይ የቀረው 500 ገደማ ነው፣ ያውም እዚሁ ኢትዮጵያ ብቻ። ጭላዳውም የኛው ብቻ ነው። ድኩላው ደንቆሮ በሚባለው ጫካ ውስጥ ተሸሽጎ ነው ያለው። ኮሎራዶ ላይ ኤልክ የማድነው መንግሥት ቆጥሮ፣ ይህን ያህል ይታደን ብሎ፣ ገንዘብ አስከፍሎ ፈቅዶ ነው፤ የከፈልነው ገንዘብም ለእንስሳቱ ጥበቃ ይውላል። እህላቸው የተበላባቸውን ልጆች አዝኜላቸዋለሁ፣ ችግራቸው እውነት ነው። ለወረዳው ግብርና ያመልክቱ፣ እኔም አብሬያቸው እሄዳለሁ ብያቸዋለሁ። በጽሑፋችሁ ላይ «ይህ የሚፈቀደው እዚያ ነው» የምትል አንዲት መስመር ብትኖር ግን አይመጡም ነበር።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ይህንን ነው። የኮሎራዶ የቀስት አደን የሚከፈተው በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር መግቢያ ነው፣ በኛ ነሐሴ መጨረሻ። ልጆቹ ዕቃ የሚገዙት አሁን ነው። ስለዚህ እርማቱ ለዘመን መለወጫው እትም አይቆይ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይውጣ። ከሁሉ ሰፊውን ግዙ የሚለው ይነሳ። መሳል አያስፈልግም የሚለው ይነሳ። የቀስቱ ፓውንድ ሳይታወቅ ጫፍ እንደማይመረጥ ይጻፍ፣ የሐዲሱም ነገር ለሙስሊም አንባቢዎቻችሁ ይጠቀስ። ያቺ የተጠቀለለች ስለት እስካሁን ከኔ ጋር ናት፣ ሥራ ቤቴ ግድግዳ ላይ ተሰቅላለች። ፎቶ ማንሳት ከፈለጋችሁ የደሴ ሪፖርተራችሁ ይምጣ፣ አሳየዋለሁ፤ ከጎኗ በድንጋይ ላይ የተሳለች አንድ ጫፍ አስቀምጬ፣ የጤፍ ጭድም አዘጋጅቼ እጠብቀዋለሁ።

አክባሪያችሁ፣
ከደሴ